ጨው ይኖራችኋል?

ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት፣ በተጋባን በወሩ፣ ባለቤቴና እኔ አማቶቼ ቤት ለእራት ተጠራን። ያኔ ገና ጀማሪ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩ፤ የማውቀው ነገር ሁሉ ከአፌ ለመውጣት የሚጣደፍበት ዕድሜ። የቀረበው የበግ አልጫ ነበር። ሁለት ጊዜ ጎረስኩና፣ "ጨው ይኖራችኋል?" አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አማቴ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ተነስተው ጓዳ ገቡና በቡና ስኒ ጨው ይዘው ተመለሱ። ስኒዋን ከፊቴ አስቀምጠው፣ "ይቅር በለኝ ልጄ፣ እጄ ከዳኝ" አሉ። ከዚያ በኋላ ያን ምሽት እህል አልቀመሱም። መንገድ ላይ ባለቤቴ፣ "እናቴን እኮ ሰው ፊት አዋረድካት!" አለችኝ።

"ጨው ነው እኮ የጠየቅሁት!"

"እሱን ነው የምልህ።"

ይህን የድሮ ነገር የቀሰቀሰብኝ ሐኪሜ ነው። ባለፈው ዓመት ደም ግፊቴን ለካና ጨው ቀንስ አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ ብትሞላ ነው። እኔ በቁርስ ፍርፍር ብቻ ይህችን ሳልጨርስ አልቀርም ነበር። እናላችሁ ባለቤቴ ወጡን ለሁላችንም ያለ ጨው መሥራት ጀመረች፤ ለልጆቹ ደግሞ ከገበታው መሐል የጨው መነስነሻ አኖረችላቸው።

የመጀመሪያው ጣጣ የድንበር ሆነ። ትሪው አንድ ነው። ታናሹ ልጄ በበኩሉ ሲነሰንስ ጨዉ ወሰን አያውቅምና ወደኔ ይሻገራል፤ ሽሮ ላይ የወደቀ ጨው ደግሞ የት እንዳረፈ በዓይን አይለይም። "ያንተ ወዲያ፣ የኔ ወዲህ" ስንባባል አንድ ሳምንት ገፋንና በስምንተኛው ቀን ለየራሳችን ሳህን ተሰጠን። ከተጋባን ጀምሮ በአንድ ትሪ ስንበላ ኖረን፣ ክዳኗ በተበሳሳ አንዲት ጠርሙስ ማዕዳችን ተከፈለ።

የድሮ ሙያ አይለቅምና ይህችን ጠርሙስ እንደ ድርሰት ላነብባት ተቀመጥኩ።

ዘሯ ከወዲያ ማዶ ነው። በመካከለኛው ዘመን፣ በእንግሊዝ መኳንንት ቤት፣ ጨው የሚቀርበው በትልቅ የብር ዕቃ ሆኖ በጌታው ፊት ነበር። ማን ከጨዉ በላይ፣ ማን ከጨዉ በታች ተቀመጠ የሚለው ነገር የሰውየውን ማዕረግ ይናገራል፤ አባባሉ ቋንቋቸው ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ጨው ለነሱ ማጣፈጫም፣ አጥርም ነበር ማለት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ቁንጮ ቪየና፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። በተማሪነቴ በሥዕል መጽሐፍ አይቼው አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ። የፍሎሬንሱ አንጥረኛ ቤንቬኑቶ ቼሊኒ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1543 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለቀዳማዊ ፍራንሷ የሠራው የወርቅ ጨው ማቅረቢያ ነው፤ ቁመቱ 26 ሳንቲ ሜትር ግድም። ራቁታቸውን ፊት ለፊት ጋደም ያሉ ወንድና ሴት አሉበት። ወንዱ ባሕር፣ ሴቲቱ ምድር ናት። እግሮቻቸው ተጠላልፈዋል፤ ባሕርና የብስ የሚገናኙበት ዳርቻ መሆኑ ነው። ጨዉ በወንዱ አጠገብ ባለች ትንሽ መርከብ፣ ቁንዶ በርበሬው በሴቲቱ አጠገብ ባለች ትንሽ ቤተ መቅደስ ይቀመጣል። ጨው ከባሕር፣ ቅመም ከምድር! አሳቡ ግሩም ነው፤ የእጅ ሥራውም እንከን አይወጣለትም። ዛሬ ሳስበው ግን ዕቃው ጨዉን የረሳው ይመስለኛል። ንጉሡ ቆንጠር ለማድረግ እጁን ሲዘረጋ የሚያየው የራሱን ሀብት እንጂ የቀረበለትን ምግብ አይደለም። ይህ ውብ ነገር እ.ኤ.አ. በ2003 ከሙዚየሙ ተሰርቆ በ2006 መጀመሪያ ላይ እዚያው ኦስትሪያ፣ ጫካ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። በመካከሉ የማንም ወጥ ጨው አልጎደለውም።

የኛዋ ጠርሙስ ታናሽ እህቱ ናት፤ ወርቅ የላትም፣ አመሏ ግን ይሻላል። ጨው እርጥበት እየሳበ ስለሚጋገር በቀዳዳ አልወርድም ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ሞርተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማግኒዚየም ካርቦኔት ቀላቅሎበት በዝናብ ቀንም የሚፈስ ጨው ለገበያ አወጣ። እንዲህ ያለ ጨው በተገኘበት ገበታ ከጨው በላይና ከጨው በታች ብሎ ነገር የለም፤ ሁሉም እንደ ምላሱ ይነሰንሳል። (አዲስ አበባ ክረምት ሲገባ ይህ ሳይንስ ይለግማል። ምግብ ቤቱ ጥቂት ሩዝ ይጨምርበታል፣ ደንበኛው ቀዳዳውን በስቴኪኒ ይጎረጉራል፣ በመጨረሻ በንዴት ሲያራግፈው ክዳኑ ይወልቅና ሙሉው ጨው እንቁላሉ ላይ ያርፋል። ደርሶብኛል።)

እኛ ዘንድ ጨው ለገበታ የሚሆን ዕቃ ሳይበጅለት የኖረው ስለተናቀ አይደለም። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመል ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ገንዘብ ነበር፤ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችን ሲደርስ ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራበት ማየቱን ጽፏል። የጨው ቦታው ጓዳ ስለሆነ ነው። ለጥሬ ሥጋና ለተቀቀለ እንቁላል ብቅ ይላል፤ ወጥ ግን ጨዉን ጓዳ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ጌታም ሎሌም በአንድ ማዕድ ከቀረቡ የሚጎርሱት ያንኑ ጨው ነው።

ይህን ስናወራ ደስ ይለናል። እኔም ክፍል ውስጥ፣ "የፈረንጅ ገበታ ይለያያል፣ የኛ መሶብ ያገናኛል" እያልኩ አስተምሬያለሁ፤ ተማሪዎቼም በፈተና መልሰው ጽፈውልኛል። ያኔ ያልጠየቅሁት ሒሳቡን ማን ይከፍላል የሚለውን ነበር። እስቲ አስቡት። ጾመኛ ሴት ናት፤ ሰዓቱ ስላልደረሰ ወጡን አትቀምስም። ለሃያ እንግዳ፣ ለሃያ ምላስ፣ በእጇ መዳፍና በሽታው ብቻ ጨው ትመጥናለች። ከሰመረላት ጨዉን የሚያነሳ የለም። ከጎደለባት ግን የጎደለው ጨው አይደለም፤ ሙያ ነው፤ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። እኛ በእኩልነት እንድንበላ እሷ ስትሰጋ ኖራለች። እንግዲህ እኔ ያን ምሽት አማቴ ላይ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነበር የሰጠሁት፤ ያውም ልጃቸውን ካገባሁ በወሬ።

ስለዚህ በዚህ ክርክር ወገኔ ከመነስነሻዋ ነው። የሰው ምላስ፣ የሰው ደም ሥርም አንድ አይደለም ብላ በግልጽ ትናገራለች፤ ወጥ የሠራችውንም ከችሎት ታወርዳለች። ሳይቀምሱ የሚነሰንሱትን ግን አልወድም። መጽሐፉን ሳይገልጡ ሂስ የሚጽፉ የሙያ ባልደረቦች ስለነበሩኝ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ታናሹ ልጄ ማጉረስ ይወዳል። ሰሞኑን ከሳህኑ ጠቅልሎ እጁን ወደኔ ይዘረጋና፣ ጨው እንዳለበት ትዝ ሲለው መልሶ ለራሱ ይጎርሰዋል። አያዝንም፤ ስቆ ነው የሚጎርሰው። እኔ ግን የተከፈተ አፌን ምን እንደማደርገው ይጠፋኛል።

ባለፈው እሑድ አማቴ መጡ። ሰማንያ አልፏቸዋል። ባለቤቴ የሠራችው አልጫ ነበር፤ እንደ ልማዳችን ያለ ጨው። ለሳቸውም ሳህን ቀረበላቸው። አንድ ጊዜ ጎረሱ። መነስነሻዋን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

"ጨው ላቀብልዎት እማማ?" አልኳቸው።

"ምነው፣ ጎደለው እንዴ?" አሉና መብላታቸውን ቀጠሉ።