ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ»፦ ድንገተኛ ሀብትና ዝምድና በአንድ የዲክንስ ልቦለድ

ድንገተኛ ሀብት የሰውን ጠባይ ይለውጣል የሚለው አስተያየት ብዙውን ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ አስተያየቱን በቻርልስ ዲክንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» (1860-61 እ.ኤ.አ.) አማካይነት ለመፈተሽ እሞክራለሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፒፕ ወላጆቹን በሞት ያጣ፣ በእህቱና በባሏ በብረት ቀጥቃጩ በጆ ቤት ያደገ ልጅ ነው። ማንነቱ ያልተገለጸ ሰው ሀብት እንደሚያወርሰው ሲነገረው ወደ ለንደን ይሄዳል፤ ከጆም ይርቃል።

«ገንዘብ አበላሸው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። የታሪኩ ቅደም ተከተል ግን ይህን አይደግፍም። ፒፕ በጆ ማፈር የጀመረው ሀብቱ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት፣ ኤስቴላ ሻካራ እጁንና ወፍራም ጫማውን በናቀችበት ዕለት ነው። እንግዲህ ሀብቱ ለኀፍረቱ አቅም ሰጠው እንጂ አልወለደውም። ጆ ሊጠይቀው ወደ ለንደን ሲመጣ፣ በገንዘብ ማስቀረት ቢቻል ኖሮ ይከፍል እንደነበር ፒፕ ራሱ ይተርካል። በድህነቱ ዘመን እንዲህ ያለ ሐሳብ ሊመጣለት አይችልም ነበር።

የዝምድናው መላላት ጎልቶ የሚታየው በአጠራር ላይ ነው። ጆ ያሳደገውን ልጅ አንዴ «ፒፕ»፣ አንዴ «ሰር» ይለዋል። እንግሊዝኛው «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ስለማይለይ ርቀቱን የምትሸከመው ይህች የአክብሮት ቃል ናት። ወደ አማርኛ ለሚተረጉም ሰው ግን ችግሩ ይሰፋል፤ ግሱ ሁሉ ይነካልና። «ጌታዬ» ብሎ «አንተ»ን እንዳለ መተው ሕመሙን ያደበዝዘዋል። በእኔ አመለካከት ጆ በአንድ ንግግር ውስጥ ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» ሊመላለስ ይገባል። ለጆሮ ቢሻክርም፣ መሻከሩ የታሪኩ ነው።

ፒፕ ሀብቱን አጥቶ፣ ታሞ ሲወድቅ ጆ መጥቶ ያስታምመዋል፤ የቀድሞው አጠራርም ይመለሳል። ሕመሙ እየቀለለው ሲሄድ ግን «ሰር» ዳግመኛ ይመጣል። ገንዘቡ ሄዶ ርቀቱ ቀረ ማለት ነው። ጆም የፒፕን ዕዳ ከፍሎ ሳይሰናበተው በማለዳ ይሄዳል።

በአንጻሩ ፒፕ ገና ባለገንዘብ ሳለ ለጓደኛው ለኸርበርት በምስጢር የንግድ ሽርክና ገዝቶለታል። ኸርበርት ንቆት አያውቅም፤ በእርሱ ፊት ፒፕ የሚያፍርበት ነገር አልነበረውም። በአንድ እጅ ያለ አንድ ገንዘብ ወዳጅን አቋቋመ፤ አሳዳጊን አራቀ። ስለዚህ ሐያሲው ገንዘቡ ሰውየውን ምን አደረገው ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ገንዘቡ ሳይመጣ በራሱ ሰዎች ማፈርን ማን እንዳስተማረው ቢጠይቅ ወደ ልቦለዱ ይበልጥ ይቀርባል።