አሥር ወደ ታች፣ አምስት ወደ ላይ

የልጆችን መስማት የሚመረምር ባለሙያ ብቃቱ የሚታወቀው ልጁ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ነው። ሄድፎኑን መጀመሪያ ራሱ አጥልቆ እያንዳንዱን ድምፅ ያዳምጣል፤ ከዚያ አውልቆ ክፍሉን ያዳምጣል። በጌዴኦ ዞን ጌዴብ ወረዳ ውስጥ፣ እንደ ባንኮ ጎቲቲ ባለ የቡና ቀበሌ፣ ይህ ሁለተኛው ማዳመጥ ዋዛ አይደለም። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ዝናብ ሲጥል ምርመራው ይቆማል። በለቀማ ወራት ደግሞ የእሸት ቡና መፈልፈያው ሞተር ከሩቅ ያጉረመርማል። እንዲህ ያለ ወፍራም ጫጫታ ቀድሞ የሚውጠው 500 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ ነው። በየትምህርት ቤቱ የሚደረገው ልየታ ብዙ ጊዜ በ1000፣ በ2000 እና በ4000 ሄርዝ የሚወሰነውም ለዚህ ነው።

የሦስት ዓመት ልጅ «ስትሰማ እጅህን አውጣ» ቢባል ሁለቴ ያደርግና ይሰለቸዋል። ስለዚህ ፈተናው ጨዋታ ይሆናል። ጥቂት ቆርኪና አንድ የፕላስቲክ ሳህን ይበቃል። (በቡና አገር የቡና ፍሬ ማስያዝ ይቀናል፤ ትንሽ ልጅ ግን ፍሬውን ጆሮው ውስጥ ይከተውና መርማሪው ሌላ ሥራ ያገኛል።) ባለሙያው የልጁን እጅ ይዞ ቆርኪውን ወደ ጉንጩ ያስጠጋል። ይጠብቃሉ። በደንብ የሚሰማ ድምፅ ይለቃል፤ አብረው ቆርኪውን ሳህኑ ውስጥ ይጥላሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ እጁን ይለቅለታል። ልጁ ብቻውን ጠብቆ ከጣለ ጨዋታው ገብቶታል ማለት ነው።

ጥበቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለልጅ ድምፁን ከመስማት ይልቅ መርማሪውን ማንበብ ይቀላል። ዓይን ቀና ሲል፣ ትከሻ ሲነቃነቅ፣ ጣት ቁልፍ ላይ ሲያርፍ ያያል። መስማት ለሚቸግረው ልጅ ደግሞ ፊት ማንበብ የዕለት ተዕለት ሥራው ነው፤ በዚህ ማናችንም አንደርስበትም። ስለዚህ ጎበዝ መርማሪ ጣቱን ይሸሽጋል፤ ሲጫንም ቀና አይልም። ድምፆቹን በእኩል ልዩነት አይልክም፤ አንዴ ወዲያው ያስከትላል፣ አንዴ ልጁ እስኪቁነጠነጥ ድረስ ይቆያል። ልጁ በዝምታው መሐል ቆርኪ ቢጥል አይቆጣም፣ አያሞግስምም፤ አንስቶ እንደገና ያስይዘዋል። «ጎበዝ!» የሚባለው ለእውነተኛ መልስ ብቻ ነው። መሣሪያው ውድ ሊሆን ይችላል፤ ምርመራውን ታማኝ የሚያደርገው ግን ይህ ዝምታ ነው ባይ ነኝ።

ቁጥሩ የሚገኝበት መንገድም ያምራል። ልጁ ሲሰማ ድምፁ በ10 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ሳይሰማ ሲቀር በ5 ይወጣል። እንዲህ ሲወርድና ሲወጣ ልጁ በተደጋጋሚ የሚሰማበት ዝቅተኛው ነጥብ ይገኛል። የመስማት ተመራማሪዎቹ ካርሃርትና ጄርገር በ1959 እ.ኤ.አ. መልክ ያስያዙት ይህ አሠራር ዛሬም ያው ነው። ቀኝ ጆሮ በቀይ ክብ፣ ግራ ጆሮ በሰማያዊ መስቀል ወረቀት ላይ ይሰፍራል።

ወረቀቱ የቤተሰብን ክርክርም ይፈታል። «ይሰማል እኮ፣ ስጠራው ይመጣል፤ እልኸኛ ሆኖ ነው» የምትል እናት አልተሳሳተችም። አናባቢዎች ጉልበት አላቸው፤ የሚገኙትም በአብዛኛው ዝቅ ባለው ድምፅ ላይ ነው። ስ፣ ሽ እና ፍ ግን ቀጫጭንና ደካሞች ናቸው። ከ2000 ሄርዝ በላይ የማይሰማ ልጅ መጠራቱን ያውቃል፤ «ሰማ»ን ከ«ሸማ» ግን አይለይም። እልኸኛ የተባለው ልጅ ግማሽ ቃል እየደረሰው የቀረውን ሲገምት የሚውል ልጅ ነው። አንዳንዱ ችግር ኩክ ወይም የሚመግል ጆሮ ሆኖ ይገኛል፤ ይህ ይታከማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የልጆች የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉ መከላከል የሚቻል ነበር።

የመስሚያ መሣሪያ ለሚያስፈልገው ልጅ ሌላ የእጅ ሥራ ይከተላል። ጆሮው ውስጥ ክር የታሰረበት ስፖንጅ ይገባል፤ ለስላሳ ሲሊኮን በስሪንጅ ይሞላል፤ ደቂቃዎች ቆይቶ ቀስ ተብሎ እየተጠመዘዘ ይወጣል። ጥሩ ቅርጽ የጆሮውን መታጠፊያ ሁሉ ይዞ ይወጣል። ትንሽ ከሳተ ድምፁ በክፍተቱ ሾልኮ ወደ ማይክሮፎኑ ይመለስና መሣሪያው ያፏጫል፤ ልጁም አውልቆ ይጥለዋል። የልጅ ጆሮ ደግሞ ያድጋል፤ የትንንሾቹ ቅርጽ በወራት ውስጥ ይሰፋቸዋል። በጌዴኦ እርጥበት ላይ የባትሪውን ነገር ሲጨምሩበት፣ መሣሪያ አድሎ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ ምን ያህል ጎዶሎ ሥራ እንደሆነ ይታያል።

መሣሪያ የማይረዳቸው ልጆችም አሉ። ለእነሱ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ውስጥ እጅግ የማደንቀው ሥራ አለ፤ የጣት ፊደሉ። የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ይይዛል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእንቅስቃሴው ይለያሉ። «ቡና» ለማለት ሁለት ቅርጽ ከነእንቅስቃሴያቸው ይበቃል፤ የላቲኑ የጣት ፊደል ለዚሁ ቃል አራት ቅርጽ ይደረድራል። የፊደል ገበታችንን ጠባይ ሳያፈርስ ወደ እጅ ያሻገረ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቋንቋውን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል።

በባንኮ ጎቲቲ ግን ነገሩ አንድ እጥፍ ይጨምራል። የአካባቢው ቋንቋ ጌዴኦፋ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ አማርኛው በግዕዝ ፊደል ነው፤ ስለዚህ ልጁ ሁለቱንም የጣት ፊደል መያዝ ይኖርበታል። ይህን ልጆች ከእኛ ፈጥነው ይለምዱታል። የሚከብደው የሚያወራው ሰው ማግኘት ነው። ሆሳዕና ወዳለው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ቢላክ እንኳ ለእረፍት ሲመለስ ቤቱ ውስጥ የሚመልስለት እጅ ከሌለ ክረምቱን ዝም ብሎ ይከርማል። በዚህ የተነሳ ጥሩ አስተማሪ ገና ከመጀመሪያው ትምህርት እናቱንና ታላቅ እህቱን አብሮ ያስቀምጣል።