ስለ ስፖካናሊያ፦ የተውሶ ዓለምና የራስ ብዕር

በሥነ ጽሑፍ ክርክራችን ተደጋግሞ የሚሰነዘር አንድ ፍርድ አለ። ይኸውም በሌላ ሰው ገጸ ባሕርያት የሚጽፍ ደራሲ አይባልም፣ ኮራጅ ነው የሚለው ነው። እኛ ይህን ፍርድ ልንሞግት የተነሣነው አንድ አሮጌ መጽሔት ይዘን ነው። መጽሔቱ ስፖካናሊያ ይባላል። በመስከረም 1967 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዴቭራ ላንግሳምና ሸርና ኮመርፎርድ የተባሉ ሁለት ሴቶች በኒው ዮርክ አዘጋጅተው አወጡት። ስታር ትሬክ ለተባለው የቴሌቪዥን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ብቻ የተሰጠ የመጀመሪያው የአድናቂዎች መጽሔት ነው። እስከ 1970 ድረስ አምስት ዕትም ወጥቶ ቆመ።

የተባዛውም ልክ እንደዚህች ወረቀታችን በስቴንስል ነው። ታይፑን መምታት፣ የተሳሳተውን ፊደል መድፈን፣ ከበሮውን ማዞር። ይህን ለናንተ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ስለሚሆን እናልፈዋለን። ብቻ አንድ ነገር እንበል፤ ማባዣ ማንንም ሀብታም አያደርግም። ቅጂው ሲበዛ ስቴንስሉ ይሳሳል፣ ጽሑፉ ይደበዝዛል። በዚህ መሣሪያ የሚደክም ሰው የሚናገረው ነገር አላስቀምጥ ብሎት እንጂ ገበያ አምሮት አይደለም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ስታር ትሬክ በመስከረም 1966 ተጀምሮ በሰኔ 1969 ሲቋረጥ 79 ክፍል ታይቶለታል። ሌናርድ ኒሞይ የተጫወተው ስፖክ ከሰው እናትና ከቨልካን አባት የተወለደ፣ ስሜቱን አፍኖ በአመክንዮ ብቻ ለመኖር የሚታገል ገጸ ባሕርይ ነው። የመጀመሪያው ስፖካናሊያ ሲሰናዳ ሕዝቡ ያየው የመጀመሪያውን ዙር 29 ክፍል ብቻ ነበር። በነዚያ ሁሉ ውስጥ ደግሞ የስፖክ አገር ቨልካን አንድም ጊዜ አልታየችም። በመስኮቱ ብቅ ያለችው በዚያው በመስከረም አጋማሽ፣ ቴዎዶር ስተርጀን በጻፈው ክፍል ነው። እንግዲህ ልብ በሉ! እነዚህ ሰዎች ስለ ቨልካናውያን አካልና ሥነ ልቡና በምርምር ቋንቋ ሐተታ ሲጽፉ የሚቀዱት ነገር በእጃቸው አልነበረም። ከገጸ ባሕርዩ አፍ ጠብ ያለች ሐረግ እየለቀሙ አገር ሠሩ። ኩረጃ ነው ካላችሁ፣ ኮራጁ ከየትኛው ወረቀት ላይ ነው ያየው? የቅኔ ተማሪስ ከመጽሐፍ ታሪክ ተውሶ ሲቀኝ ማን ሌባ ብሎት ያውቃል?

ዋናዋ ማስረጃችን ግን አንዲት ቃል ናት። ዶሮቲ ጆንስ የተባለችው ጸሐፊ በዚሁ በመጀመሪያው ዕትም «ኒ ቫር» የሚል የቨልካን ቃል ፈጥራ አወጣች፤ «ሁለት መልክ» ማለት ነው። የቨልካናውያን ነው የተባለ የኪነ ጥበብ ዓይነት ሲሆን፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ወይም የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች ጎን ለጎን የሚነጻጸሩበት ነው። የኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ ሰምና ወርቅ ማለቱ አይቀርም። አይደለም። በሰምና ወርቅ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል፤ ወርቁ እንዲወጣ ሰሙ መቅለጥ አለበት። በኒ ቫር ግን የሚቀልጥ ነገር የለም፤ ሁለቱም እኩል ፊት ለፊት ይታያሉ። ይህ ደግሞ ለስፖክ በልኩ የተሰፋ ልብስ ነው። ፕሮግራሙ ሰውየውን ደጋግሞ «ሰው ነህ ወይስ ቨልካን?» እያለ ሲያፋጥጠው፣ ጆንስ ሁለቱንም ይዞ የሚቆምበትን ቅርጽ ሠራችለት። እኛ ይህን ሂስ እንለዋለን፤ ድርሰቱ የጎደለውን አይቶ የሚሞላ ሂስ።

ጸሐፊዎቹስ እነማን ነበሩ? በ1970 የስታር ትሬክን አድናቂዎች ልብ ወለድ ከሚጽፉት 83 በመቶው፣ በ1973 ደግሞ 90 በመቶው ሴቶች ነበሩ። የዘመኑ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ መድረክ በአመዛኙ የወንዶች እንደ ነበር ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በትልቁ ቤት ወንበር ያልተሰጣቸው ሰዎች ከማባዣው አጠገብ የራሳቸውን ዱካ አኖሩ።

እንከን የለውም አንልም፤ እንዲያውም ትልቅ እንከን አለው። ፍቅሩ በዝቷል። በ1968 በወጣው ሁለተኛው ዕትም ተዋንያኑ ራሳቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ ብዙዎቹም የጻፉት በሚጫወቱት ገጸ ባሕርይ አንደበት ነበር። በዚያው ዓመት የፕሮግራሙ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ መጽሔቱ በመሥሪያ ቤቱ ላሉ ሁሉ የግድ የሚነበብ መሆኑን ገለጸ። ትልቅ ክብር ነው፣ ማን ይጠላል! ነገር ግን ባለቤቱ በትከሻ ላይ አሻግሮ እያነበበ ምን ዓይነት ሂስ ይጻፋል? አዝማሪ እንኳ የጌታውን ጠጅ እየጠጣ ሲያወድስ መሐል ላይ ውስጠ ወይራ ጣል ያደርጋል እኮ። የመርከቧ አዛዥነት ለምን የወንድ ሆነ? ከፕላኔት ፕላኔት የሚዞረው ይህ የታጠቀ መርከብ የማንን ሰላም ነው የሚያስከብረው? በኛ አስተያየት እነዚህ ጥያቄዎች ከቨልካን ደም አረንጓዴነት የበለጠ ገጽ ይገባቸዋል። ስፖክን እንዲህ አብጠርጥሮ የመረመረ ዓይን የተቀመጠበትን መርከብም መመርመር አያቅተውም ነበር።

ቃሏ ግን ከመጽሔቱ የረዘመ ዕድሜ አገኘች። በ2002 ኢንተርፕራይዝ በተባለው ተከታይ ፕሮግራም ኒ ቫር የአንዲት የቨልካን መርከብ ስም ሆነች። በ2020 ደግሞ ዲስከቨሪ በተባለው ውስጥ ቨልካን ራሷ ስሟ ተለውጦ ኒ ቫር ተባለች፤ ቨልካናውያንና ለዘመናት የተለያዩአቸው ዘመዶቻቸው ሮሙላናውያን አብረው የሚኖሩባት ፕላኔት ስለሆነች ስሙ ገጥሟታል። እንግዲህ በዚያ ፍርድ ብንሄድ ኮራጅ የምትባለው ጸሐፊ ከ53 ዓመት በኋላ በተራዋ ተኮረጀች ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ የወሰደው ግን ስሙን ነው። ቅርጹ፣ ማለትም ሁለቱን ነገሮች ሳያቀልጡ ጎን ለጎን የማቆሙ ጥበብ፣ ያለው በዚያ በደበዘዘው ወረቀት ላይ ነው። ከመካከላችሁ በአማርኛ የሚሞክረው ካለ የሚቀጥለው ዕትም ስቴንስል ሳይመታ ያድርሰን።