ልጁ የጻፈውን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት

በቅርቡ ሰንዳፋ የተመደበች ወጣት መምህርት የአንድ ተማሪዋን ደብተር ይዛ መጣችና፣ «ጋሼ፣ የሳተውን ቃል ስንት ጊዜ ባስገለብጠው ይሻለዋል?» አለችኝ። አንድም ጊዜ አታስገልብጪው አልኳት። የቀለድኩ መሰላት።

ደብተሩ ላይ የቃል ጽሕፈት አለ። መምህርቷ «እናቴ አልመጣችም» ብላ አንብባለች፤ ልጁ «እናቴ አመጣች» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ትክክለኛው ዓረፍተ ነገር ገጹን እስኪሞላ ተገልብጧል፤ አንድ ፊደል አልጎደለም፣ የእጅ ጽሕፈቱም ያምራል። በማግሥቱ ያው ዓረፍተ ነገር ሲነበብለት ግን እንደገና «አመጣች» አለ። ዓይኑም እጁም ደህና ናቸው። «ል» እና «ም» የጠፉት እርሳሱን ከማንሳቱ በፊት ነው።

እናቱን አስጠርተን መቼ አፉን እንደፈታ ጠየቅናት። አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» እያለ አጽናንቷታል። ዛሬም ሲቸኩል «አል» የምትለዋን ይውጣትና ራሱን ነቅንቆ ይክዳል። ፊት ለፊቱ ያለ ሰው ይረዳዋል፤ አራሚው ግን የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ነው።

ስህተት ሁሉ አንድ አይደለም። «ፀሐይ»ን «ጸሃይ» ብሎ የጻፈ ልጅ ድምፁን በትክክል ሰምቷል፤ ጋዜጣውም እንደዚያው ያቀያይራል፤ ለዚህ ቀይ እስክሪብቶ ማባከን አልወድም። «መስኮት»ን «መኮት» የሚል ልጅ ድምፅ ጥሎበታል፤ ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ እክል ያለበት ልጅ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ንግግሩ ዘግይቶ የነበረ ልጅ ደግሞ በዚህ ላይ የግሱን ጫፍና መነሻ ይጥላል። ተመራማሪዎቹ ዶሮቲ ቢሾፕና ካትሪን አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ እስከ አምስት ዓመት ተኩል ንግግራቸው የተስተካከለላቸው ልጆች ንባብ ላይ ብዙም አልተቸገሩም፤ ያልተስተካከለላቸው ግን ተቸግረዋል። እኛ ዘንድ ልጁ መቼ አፉን እንደፈታ የሚጠይቅ የምዝገባ ቅጽ አላየሁም።

ሳድስ ፊደል ነገሩን ያከብደዋል። «ብርድ» በሰው አፍ አንድ ትንፋሽ ነው፤ «ር» መሃል ላይ ተጨፍልቃ ታልፋለች። መምህሩ «ብ… ር… ድ…» እያለ ሲያነብ ግን መልሱን ለልጁ በእጁ ሰጠው ማለት ነው። ልጁ በትክክል ይጽፋል፣ ጎበዝ ይባላል፤ ሰው እንደሚናገረው ሲነበብለት «ብድ» ይላል። ቤቱ ኦሮምኛ የሆነው ልጅ ደግሞ ቁቤ ላይ የሚፈተነው በሌላ ቦታ ነው፤ ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅና ረጅሙን አናባቢ ደርቦ ስለሚጽፍ፣ ያልሰማው ልጅ አንዱን ይጥላል።

ማስገልበጥን የሚደግፉ ባልደረቦቼ የኔታን ይጠቅሱብኛል። እኔም የምጠቅሰው የኔታን ነው። የኔታ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው እያንዳንዱን ፊደል በድምፅ ያስቆጥሩት ነበር፤ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ የሚኬደው በአፍ ነው። ጽሕፈት ለብቻው የሚማሩት ሙያ ነበር። ወይዘሮ ዘሚ የኑስም እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከመሠረቱ በኋላ ንግግር ላልጀመሩ ልጆች ያዘጋጁት «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ፊደልን የያዘው ከድምፁ ጋር ነው።

ከዚያ ልጅ ጋር የሠራነው ይህንኑ ነው። «አልመጣችም» ሲል ምላሱ ላንቃው ላይ የት እንዳረፈች፣ መጨረሻ ላይ ከንፈሩ መገጠሙን በጣቱ እየነካ ይነግረኛል። ሳይጽፍ፣ ብዙ ቀን። አንድ ጠዋት ከንፈሩን ነክቶ «እዚህ ዘግቻለሁ» አለና ማንም ሳያዘው «ም»ን ጨመረ። ይህ ሥራ ጆሮዬን ወስዶታል፤ ወደ መገናኛ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ሰው የሚውጠውን ድምፅ ነው የምሰማው። በዚህ ሙያ የቆየሁትም ለደመወዙ አይደለም፤ ሰነፍ የተባለ ልጅ የጠፋበትን ድምፅ በገዛ አፉ ውስጥ ሲያገኘው ለማየት ነው።

መምህራን ሆይ፣ ኤክስ ከማድረጋችሁ በፊት ልጁ የጻፈውን እንደጻፈው ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ከዚያም እናቱን መቼ አፉን እንደፈታ ጠይቋት።