ሴኔቱ መቼ ተጠየቀ?

ነገሩ ከጠፋ በኋላ ስሙ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከ1996 እስከ 2011 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች «ፍሬሽማን» የሚባለው የመጀመሪያ ዓመት ፕሮግራም አልነበረም። ይሁን እንጂ ሻንጣውን ተሸክሞ ከአውቶቡስ የወረደው አዲስ ገቢ ሁሉ «ፍሬሽ» እየተባለ ነባሮቹ ይስቁበት ነበር። ስሙን አገኘ እንጂ ዓመቱን አላገኘውም። ዓመቱን ሲወስዱበት ማንም አልጠየቀው፤ ገና ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ልጅ ነበርና ይህስ ይሁን። ለመሆኑ ያን ዓመት ያስተምሩ የነበሩት መምህራን ተጠይቀው ነበር ወይ?

ይህ ጥያቄ የአንድ ዓመት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማን ይግባ፣ ምን ይማር፣ ስንት ዓመት ይማር የሚለውን የሚወስነው ማን እንደሆነ የሚታይበት ጉዳይ ነው። ሕጉን የገለጠ ሰው መልሱን በቀላሉ ያገኘው ይመስለዋል። አዋጅ ቁጥር 351/1995፣ ኋላም 650/2001፣ ከዚያም 1152/2011 ስለ አካዳሚያዊ ነፃነት ይናገራሉ። ከታች የዲፓርትመንት ካውንስል፣ ከዚያ አካዳሚክ ኮሚሽን፣ ከዚያ ሴኔት፣ ከላይ ቦርድ ተብሎ መሰላሉ ተዘርግቷል። መሰላል ግን ለመውጣትም ለመውረድም ያገለግላል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የኖረው ልማድ ሐሳብ ከዲፓርትመንት ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣበት ሳይሆን ሰርኩላር ከሚኒስቴር ተነስቶ ወደ ታች የሚወርድበት ነው። ሴኔቱ በመካከል ተቀምጦ የመጣውን ይቀበላል፤ ቃለ ጉባኤውም «ተወያይቶ አጸደቀ» ይላል።

የቀድሞው ፍሬሽማን ምን እንደነበር የማያውቅ አንባቢ ይኖራል። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ እንደገባ ዲፓርትመንት አይመርጥም ነበር። ነገ የታሪክ ሰው የሚሆነውና ነገ ጠበቃ የሚሆነው በአንድ ክፍል ተቀምጠው ያንኑ እንግሊዝኛ፣ ያንኑ የፍልስፍና መግቢያ ይማራሉ። የሚሆነውን የሚያውቀው ዓመቱ ሲያልቅ ነው፤ አንዳንዱም የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ተባርሮ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበርና ነገሩን አለመጠን ማሞገስ አያስፈልግም። ጨካኝ ዓመት ነበር። ነገር ግን አንድ ወጣት «እኔ ለምንድን ነው የምሆነው?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ከሙያው ፊት የተቀመጠ ክፍት ጊዜ ነበር።

ይህ ዓመት እንዴት ተነሳ? የሽግግሩ መንግሥት የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. ወጣ። ፖሊሲው ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፍሎ 11ኛንና 12ኛን ክፍል ለከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ አደረገ። የፍሬሽማኑ ትምህርት ወደ መሰናዶ ወረደ ተባለና የመጀመሪያዎቹ የመሰናዶ ተማሪዎች በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ አብዛኛው የአራት ዓመት ዲግሪ ሦስት ዓመት ሆነ።

እዚህ ላይ ቀኖቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባል። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ጥይት ተተኮሰባቸው፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ደግሞ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። ፖሊሲው የወጣው ልክ በዓመቱ ነው። ያ ሰነድ ለውይይት ቀርቦ ነበር ቢባል እንኳ፣ በውይይቱ ላይ የተቀመጠው መምህር ባዶ የቀረውን የባልደረባውን ወንበር እያየ ምን ይናገር ነበር? (ሚያዝያ ለ6 ኪሎ ገደ ቢስ ወር ነው። ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን፣ ማኅበራችንና መጽሔታችን ይመለሱልን ያሉት ተማሪዎች ነገር የሰው ሕይወት ወደ ጠፋበት ሁከት የተለወጠውም በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ነው።) በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ራሳቸው የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት በመቃወም ሥራቸውን ለቀቁ። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያው የሦስት ዓመት ባች ገባ።

ወደ መሰናዶ የወረደው ትምህርት ምን ደረሰበት? ብዙም ሳይቆይ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ተሰቀለ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ያስተምረው የነበረውን «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ቢሉት የማይሰማ የቴሌቪዥን መምህር ወረሰው። ተማሪውም ገና 11ኛ ክፍል ሲገባ ማኅበራዊ ወይም ተፈጥሮ ሳይንስ ብሎ መንገዱን ይቆርጣል። ያ ክፍት ጊዜ ወደ መሰናዶ አልተዛወረም፤ የተዛወረው የኮርሱ ስም ነው።

ድሮ ሁሉም ነገር ደኅና ነበር ለማለት አይደለም። በንጉሡ ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ፤ ፕሬዚዳንቱን የሚሾሙትም እርሳቸው፤ ተማሪም በግጥሙ ምክንያት ይታገድ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር መታወስ አለበት። ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ያስገደደው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ በ1956 ዓ.ም. የተወሰነው በዩኒቨርሲቲው በራሱ የፋካሊቲ ካውንስል ነው። ከባድ ውሳኔ ነበር። ተማሪዎች ተቃወሙት፤ ዲግሪያችን ለምን ይዘገያል ያሉ ነበሩ። ተቃውሟቸውን ግን ይዘው የሚሄዱበት በር ነበራቸው፤ ውሳኔውን የወሰኑት ሰዎች በማግሥቱ ክፍል ገብተው ያስተምሯቸዋልና። ኋላ እነዚያ ተማሪዎች በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቾክ ጨብጠው ያዩት ድህነት የአንድን ትውልድ አስተሳሰብ እንዴት እንደለወጠ ብዙ ተጽፎበታል። ያ ካውንስል የወሰነውን ስህተት ነው የሚል ሊል ይችላል። የማን ስህተት እንደሆነ ግን ያውቃል።

ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ስንመለከት ይህን ለማወቅ ያስቸግራል። 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የተባለው በየትኛው ሴኔት ክርክር ነው? ቢፒአር መጣና ዲፓርትመንቶች ተጣመሩ፣ ተበተኑ። ሞጁላር መጣና ሴሚስተሩ ተቆራርጦ በብሎክ ተሰጠ። አንድ ለአምስት መጣ። እያንዳንዱ ሲመጣ ስብሰባ ነበር፤ ስብሰባው ግን ይሁን ወይስ አይሁን በሚለው ላይ ሳይሆን እንዴት ይፈጸም በሚለው ላይ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዲፕሎማ የወጣ ሰው ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባው ጓደኞቹን ለመጠየቅ ነው። ከእነዚያ ጓደኞች አንዱ ጋዜጠኛ ካልሆንኩ ይል የነበረ ልጅ ነበር። በ70/30ው ዘመን ስታቲስቲክስ ደረሰው። ተመርቆ ዛሬ ደኅና ኑሮ ይኖራል፤ ማስታወሻ ደብተሩን ግን እስከ ዛሬ አልጣለውም። «ቀይሩልኝ» ብሎ ሲሄድ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ «እኛም እንዳንተው ተመድቦልን ነው» እንዳሉት ሲያወራ ይስቃል። እኔ መሳቁ አይመጣልኝም። ኃላፊው እውነታቸውን ነበር።

ሁሉን በመንግሥት ላይ መለጠፍ ግን ከሐሜት አይዘልም። በ650/2001 አዋጅ ፕሬዚዳንቱን የሚሾመው ሚኒስትሩ ነበር፤ ሴኔቱን የሚሰበስበው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ በሴኔቱ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ዲኖችና ዳይሬክተሮች ናቸው። በዚህ አሠራር ተቃውሞ መጠበቅ የዋህነት ነው እንበል። የዲፓርትመንት ካውንስሉስ? እዚያ የሚቀመጠው ተራው መምህር ነው። ያ ካውንስል የኤክስቴንሽን ክፍያ ሲነሳ፣ የመኖሪያ ቤት ዕደላ ሲነሳ፣ ለትምህርት ዕድል ማን ይሂድ ሲባል እስከ ምሽት ሲከራከር፣ ከኮርስ ዝርዝር ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሰረዝ ግን በዕለቱ ጉዳዩ «ለመረጃ ያህል» ተብሎ ያልፋል። ደመወዙ የማያኖረው መምህር ስለ ክፍያ መከራከሩ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሥልጣን የሚወሰደው ብቻ ሳይሆን ሳይጠቀሙበት የሚተውትም እንዳለ መምህራኑ ከማናችንም በተሻለ ያውቃሉ።

ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ። እሰየው ነው። አመላለሱን ግን እንይ። በትምህርት ሚኒስቴር የተዘጋጀ ፍኖተ ካርታ ነበረ፤ የዩኒቨርሲቲ ምሁራንም በጥናቱ ተካፍለዋል። «ይኸው ተጠየቁ» የሚል ሰው እዚህ ላይ ይነሳል። አይደለም። ምሁሩ በአዳማ ወይም በቢሾፍቱ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አበል ተከፍሎት ሲቀመጥ ባለሙያ ነው፤ አስተያየቱን ቢቀበሉትም ባይቀበሉትም መብታቸው ነው። በካውንስሉ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ድምፅ አለው። ባለሙያ ይጠየቃል፤ ጉባኤ ይወስናል። የሆነው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህም ዓመቱ ከሥራ ውጪ ሲሆን እንደነበረው ሁሉ ሲመለስም በሁሉም ዩኒቨርሲቲ በአንድ ቀን፣ ከ40 በላይ ለሆኑ ተቋማት አንድ ዓይነት ሞጁል ተይዞ ነው። ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ የሚል ኮርስ አለበት፤ ጥሩ ኮርስ ነው። መምህሩ ግን ምዕራፎቹን ሌሎች ቆጥረው የሰጡት ነው። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ሞጁል ደግሞ ገና በረቂቅነቱ ሲያነጋግር ክርክሩ ከታሪክ ክፍሎች ወጥቶ የፖለቲከኞች መነጋገሪያ ሆነ። አንድ የታሪክ ዲፓርትመንት «እኛ በዚህ መልክ እናስተምራለን» ቢል ኖሮ፣ ሌላውም በሌላ መልክ፣ ቢያንስ ሁለት የሚወዳደሩ መጻሕፍት በኖሩን።

በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1294 ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆነ። የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠትም ጀመረ። ማን ይግባ የሚለውን ዩኒቨርሲቲው ራሱ መመለስ መጀመሩ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁንና ከሚኒስቴር ነፃ መሆንና በመምህራን ጉባኤ መተዳደር የተለያዩ ናቸው። ሰርኩላሩ ከአራት ኪሎ መምጣቱን ትቶ ከ6 ኪሎ የፕሬዚዳንት ቢሮ ቢመጣ ለዲፓርትመንቱ ልዩነቱ የፖስታው አድራሻ ነው።

በፈተናው ምን ምን ይጠየቅ፣ ዝቅተኛው ነጥብ ስንት ይሁን፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ልጅ ከአዲስ አበባው ጋር በምን ይመዘን የሚለው ዛሬም ገና አልጠነከረም፤ ሊከራከሩበት ይቻላል። ቀጣዩ የዲፓርትመንት ስብሰባ ሲጠራ በአጀንዳው ላይ ይህ ይኖራል ወይስ የኤክስቴንሽን ክፍያ ብቻ?