የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ድምፅ፦ ከጎብዬ ሲታይ

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዘርፍ ጥናት በመቃወም ሥራ ማቆማቸውና ጥናቱም ሳይተገበር መቅረቱ የሚታወስ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ረዥም ታሪክ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ድምፅ ጎልቶ አይሰማም። ስለ ምን?

ዘወትር የሚሰጠው መልስ መምህራቱ ስለ ሙያቸው በቂ ንቃት የላቸውም የሚል ነው። መልሱ ምቹ እንጂ አጥጋቢ አይደለም፤ ምክንያቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው በቅጥሩ ላይ ነውና። በደርግ ዘመን በከተሞች ከተስፋፉት መዋዕለ ሕፃናት ብዙዎቹ በቀበሌዎች ይተዳደሩ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል ባለሀብቶችና የሃይማኖት ድርጅቶች ድርሻ ሰፋ። በመንግሥት ትምህርት ቤት የምታስተምረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስትተዳደር፣ የግሉ ተቀጣሪ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ትወድቃለች። አዋጁ በአንድ ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 10 ሠራተኞች እንዲኖሩ ይጠይቃል፤ ከዚያ ያነሱ ከሆኑ ግን ከሌሎች ድርጅቶች ሠራተኞች ጋር ተባብረው ጠቅላላ ማኅበር ሊመሠርቱ ይችላሉ። አምስት ወይም ስድስት ሠራተኛ ብቻ ላለው መዋዕለ ሕፃናት የተከፈተው በር ይኸው ሁለተኛው ነው።

ወደ ገጠር ስንወርድ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጎብዬ ዙሪያ፣ በራያ ቆላ እንደ ሌላውም የአገራችን ገጠር፣ የቅድመ መደበኛ ትምህርት ሲባል ባመዛኙ የሚታሰበው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ የሚከፈተው ዜሮ ክፍል ነው። በብዙ ቦታ ሕፃናቱን የምትይዘው ወጣት የምትጠራው «አመቻች» በሚል ስም ነው። ስያሜው እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ መምህር የሚለው ስም የደረጃ ዕድገት መሰላል አለው፣ አመቻች የሚለው ግን የለውም። ሆኖም ማሽላ በሚጠበቅበት ወራት የትኛው ሕፃን እንደሚቀር፣ ከ2013 እስከ 2014 ዓ.ም. ቆቦንና አካባቢዋን ያመሰው ጦርነት በየትኛው ሕፃን ላይ ምን ጠባሳ እንደ ተወ የምታውቀው እርሷ ናት። ይህን ዕውቀት ወደ ዕቅድ አውጪው ጠረጴዛ የሚያደርስ አካል የላትም።

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ ፖሊሲ ማዕቀፍ በብዙ ረገድ የሚመሰገን ሰነድ ነው። የወላጆችን ትምህርት፣ የጤናና የቅድመ ማነቃቃት አገልግሎትን፣ መዋዕለ ሕፃናትንና ማኅበረሰብ አቀፍ የትምህርት ዝግጅትን በአራት ምሰሶዎች አቁሟል። በአስተማሪዋ የሙያ ክብርና መደራጀት ላይ የቆመ ምሰሶ ግን የለውም። ስለ ሥልጠና መናገር ስለ ክብር መናገር አይደለም፤ ሠልጥና ከወጣች በኋላ በሥራው የሚያቆያት ሁለተኛው ነው።

የሚያስገርመው፣ ለዚህ ሙግት የሚሆን ሰነድ ከረዥም ጊዜ ጀምሮ መኖሩ ነው። ዩኔስኮና የዓለም የሥራ ድርጅት መስከረም 25 ቀን 1959 ዓ.ም. ያጸደቁት የመምህራንን ደረጃ የሚመለከት የውሳኔ ሐሳብ፣ መምህር ሲል የሕፃናት ማቆያና የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዎችን በስም ይጨምራል፤ የመምህራን ማኅበራትም በትምህርት ፖሊሲ አወጣጥ ተካፋይ ይሁኑ ይላል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለቅድመ ልጅነት ትምህርት ሠራተኞች ብቻ የተዘጋጀ መመሪያ አክሎበታል። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 የሚከበረው የመምህራን ቀን የመጀመሪያውን ሰነድ መታሰቢያ ያደረገ ቢሆንም፣ በበዓሉ የሚነገረው ስለ ሻማነት እንጂ ስለ አንቀጾቹ እምብዛም አይደለም።

በውጭ አገር ልዩ ማኅበራት አሉ። የአሜሪካው የሕፃናት ትምህርት ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1926፣ ኦሜፕ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በ1948 ተቋቁመዋል። እነርሱን ቀድቶ አዲስ ጽሕፈት ቤት በአዲስ አበባ መክፈት ግን ለጎብዬዋ አስተማሪ የሚፈይደው ጥቂት ነው። የሚቀርባት የጉድኝት ማዕከሉ ነው። የጎብዬ፣ የሮቢትና የቆቦ ዜሮ ክፍል አስተማሪዎች በጉድኝት ስብሰባ ላይ የራሳቸው አጀንዳና የራሳቸው ተወካይ ቢኖራቸው፣ የመምህራን ማኅበሩም በወረዳ ደረጃ የቅጥራቸው ዓይነት ሳይለይ ቢመዘግባቸው፣ ለጅምሩ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም የ1959ኙን የውሳኔ ሐሳብ በቅድመ መደበኛ ሠልጣኞች የሙያ ሥነ ምግባር ትምህርት ውስጥ ከነአንቀጹ ሊያስነብቡት ይገባል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የሁለት ክፍለ ጊዜ ቦታ ነው።