ደቂቃው ሰዓት ሲሆን

የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራሰልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ይህንን ኤክሴል ላይ 26:17 ብላችሁ ጻፉት። ሴሉ ምንም ሳይል ይቀበላችኋል፤ የገባው ግን 26 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ነው።

አሰላ ውስጥ የወጣት ሯጮችን ሰዓት ስመዘግብ ይህን ያህል የሚያሳስበኝ ስህተት የለም፤ ይደበቃላ። 26:17ን ለ10 ኪሎ ሜትር ስታካፍሉት 2:37:42 ይወጣል። የቀነኒሳ አማካይ በኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ ከ37.75 ሰከንድ ስለሆነ ዓይን አይቶ ያልፈዋል። ሰዓትም ደቂቃም በ60 ስለሚከፈሉ ቁጥሩ ትክክል ይመስላል። የሚጋለጠው ከሌላ ጋር ሲሰለፍ ነው። አንዱ አሰልጣኝ የሰከንዱን አስረኛ ጨምሮ 31:40.2 ሲል ኤክሴል ደቂቃ መሆኑን ያውቃል፤ ሌላው 30:55 ብቻ ከጻፈ ሰዓት ያደርገዋል። ደረጃ ሲወጣ 45 ሰከንድ የቀደመችው ልጅ ኋላ ትቀራለች። የልጅ ልፋት እንዲህ ሊቀር አይገባም! ስለዚህ ሁልጊዜ ከፊቱ ዜሮ አስገብቼ 0:30:55 እላለሁ።

ለኤክሴል ሙሉ ቀን 1 ነው፤ ሰዓትና ደቂቃ የዚያ ክፍልፋዮች ናቸው። ይህን የያዘ ሰው የእኛን አቆጣጠርም ያለ ችግር ያስገባል። በውጭ አቆጣጠር የተሞላው የእጅ ሰዓት 6:10 ሲል አሰልጣኙ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ10 ይላል። ልዩነቱ የቀን ሩብ፣ 0.25 ነው። መቀነስ ብቻ ግን አይበቃም። ቡድኑ ከሌሊቱ 11:30 ለልምምድ ከወጣ የእጅ ሰዓቱ የሚያሳየው 5:30 ነው፤ ሲቀነስ ከዜሮ በታች ወርዶ ሴሉ በሃሽ ምልክት ይሞላል። ሞድ የሚባለው ፎርሙላ ለ1 አካፍሎ ቀሪውን ሲሰጥ ነገሩ ይቃናል። በጣም የምወደው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ውጤቱን በ12 ሰዓት አቀራረብ ስታሳዩት፣ ኤክሴል ከቀትር በፊት የሚለው የእኛ ቀን፣ ከቀትር በኋላ የሚለው የእኛ ሌሊት ይሆናል።

የወሩ የልምምድ ድምር ከ24 ሰዓት ሲያልፍ ትርፉ ብቻ ከታያችሁ፣ በአቀራረቡ ላይ የሰዓቱን ፊደል በካሬ ቅንፍ እጠሩት።

ሰዓት የምትመዘግቡ ሁሉ፣ ከእጅ ሰዓቱ የተገኘውን በአንድ አምድ ሳትነኩ አስቀምጡ፤ የኢትዮጵያውን በሌላ አምድ ፎርሙላው ያውጣው። የትኛው የትኛው እንደሆነም በየአምዱ ራስ ላይ ጻፉ።